የአሶሳ ቲሸርትና የምስል ፋይል ታሪክ

ቲሸርት፣ ኮፍያ ወይም ኩባያ ላይ የሚታተም ምስል በምን ዓይነት ፋይል ይላክ የሚለው ጉዳይ አሶሳ ላይ ከርቀት ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው አሶሳ ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የአገሪቱ የህትመት ሥራ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። ብዛት ያለው ትእዛዝ ሲኖር ዲዛይኑ አሶሳ፣ ማሽኑ አዲስ አበባ ይሆናል፤ በመካከል የሚጓዘው ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ዲዛይነሩ አጠገቡ የለም። በኢንተርኔት ትእዛዝ ሲደርሳቸው ብቻ አንዳንድ ፍሬ እያተሙ የሚልኩት የውጭ ኩባንያዎች ዛሬ በጥብቅ መመሪያ የሚከላከሉትን ችግር የጠረፍ ከተማ ደንበኛ ከእነሱ ቀድሞ ያውቀዋል።

ቲሸርት ላይ ማተም ሲጀመር ፋይል የሚባል ነገር አልነበረም። በስክሪን ፕሪንት ሥራ ምስሉ በካልክ ወረቀት ወይም በፊልም ላይ በጥቁር ቀለም ይዘጋጃል። ፍሬም ላይ የተወጠረው ስስ ጨርቅ ብርሃን የሚያጠነክረው ኢመልሽን ይቀባል፤ ካልኩ ተደርቦበት ብርሃን ሲመታው ጥቁሩ የከለለው ቦታ ብቻ ሳይጠነክር ይቀራል፣ በውሃ ሲታጠብም ይከፈታል። ቀለሙ በዚያ ክፍተት ተገፍቶ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፍሬም ስለሚፈልግ ባለ አራት ቀለም አርማ አራት ፍሬምና አራት ዙር ሥራ ነው። አሠራሩ ዲዛይኑንም ገራው፦ ደማቅ፣ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ጥላና ደብዛዛ ሽግግር የሌለው ሥዕል ተመራጭ ሆነ። አንድ ፍሬም ማዘጋጀት ለአሥር ቲሸርትም ለሺህም ያው ድካም ስለሆነ፣ ጥቂት ፍሬ ማሳተም ለደንበኛው ውድ ነበር።

ኮምፒዩተር ሲገባ ለዚህ ሥራ የተስማማው ቬክተር የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። አዶቢ ፖስትስክሪፕትን እ.ኤ.አ. በ1984፣ ኢለስትሬተርን በ1987 አወጣ፤ የካናዳው ኮረልድሮው በ1989 ተከተለ። ቬክተር ምስሉን በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በጠርዝ ስሌት ስለሚያስቀምጠው፣ የኪስ ላይ አርማ ለባነር ቢለጠጥም ጠርዙ አይበላሽም። ቀለሞቹን ለየብቻ አውጥቶ ፊልም ላይ ማተምም ይቀላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ቬክተር ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍ የተጻፈበትን ፎንት ይፈልጋል። ለዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ሆሄያቱን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ለአንድ ፎንት ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን፣ 33ቱ ሆሄያት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ይደርሳሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። በዚህ የተነሣ አንዱ ፊደል ለሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጡ ፎንቶች ይከፋፈል ነበር። በአንድ ፎንት የተጻፈ «እንኳን አደረሳችሁ» ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ አሮጌዎቹ ፎንቶች በዲዛይን ቤቶች ለዓመታት ስለቆዩ ችግሩ ቶሎ አልጠፋም።

የተገኘው መድኃኒት ጽሑፉን «ከርቭ ማድረግ» ነው። ኮረልድሮው ላይ ጽሑፉ ተመርጦ ኮንትሮልና ኪው ሲነኩ ፊደሉ ፊደልነቱን ይተውና ሥዕል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፎንት አይጠይቅም፤ ነገር ግን አንዲት ሆሄ ተሳስታ ብትገኝ ማረም አይቻልም። ልምድ ያለው ዲዛይነር ሁለት ፋይል የሚይዘው ለዚህ ነው፤ አንዱ ጽሑፉ የሚታረም፣ ሌላው ከርቭ የተደረገ። ፎንቱን በውስጡ ይዞ የሚጓዘው ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን ችግሩን በእጅጉ አቃለለው።  ሆኖም ፎንቱን ሳያካትት የተቀመጠ ፒዲኤፍ አልፎ አልፎ መላኩ አልቀረም።

ነጠብጣቦችን፣ ማለትም ፒክስሎችን የሚያስቀምጡት ፋይሎች ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ቲፍ እ.ኤ.አ. በ1986 በአልደስ ኩባንያ ሲወጣ ታስቦ የነበረው ለስካነርና ለህትመት ነው። በተከታዩ ዓመት ከኮምፑሰርቭ የወጣው ጊፍ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። ዩኒሲስ የተባለው ኩባንያ ጊፍ የሚጠቀምበት የማመቂያ ዘዴ የእኔ ፓተንት ነው ብሎ በ1994 መጨረሻ ላይ ክፍያ ሲጠይቅ፣ የተቆጡ ባለሙያዎች ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበትን ፒኤንጂ ፈጠሩ፤ በኦክቶበር 1996ም ይፋ ሆነ። ፒኤንጂ ምስሉን ሲያምቅ አንዲት ፒክስል አይጥልም፤ ባክግራውንዱ ግልጽ ሆኖ እንዲቀመጥም ያስችላል። የቲሸርት ሥራን በኋላ የለወጠው ይህ ሁለተኛው ባሕርይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ የወጣለት ጄፔግ በበኩሉ ለፎቶግራፍ የተሠራ ነው። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን የማይለየውን ዝርዝር ይጥላል፤ ከብርሃን ይልቅ ከቀለም አብልጦ ይቀንሳል። ለመልክዓ ምድር ፎቶ ይህ አይታወቅም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን በሚውሉበት ሥራ ግን ቢጫው ከቀዩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ይደፈርሳል። የግዕዝ ሆሄም ይጎዳል። ሉ እና ሊ የሚለዩት ቅጥያው ከጎን መሐል ላይ ወይም ከእግር ሥር በመውጣቱ ብቻ ነው፤ ትንሽ ሆኖ የተጻፈ ጽሑፍ በጄፔግ ደጋግሞ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት።

የታተመ ቲሸርትና ባነር የሚፈለግባቸው ሁለት ትልልቅ አጋጣሚዎች በክልሉ ነበሩ። የመጀመሪያው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው ዘጠነኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. አሶሳ ላይ መከበሩ ነው። ግድቡ ገና በቁፋሮ ላይ እያለ በየባነሩና በየቲሸርቱ የሚታየው የግድብ መልክ ፎቶ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕል ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል ከድረ ገጽ እየወረደ፣ እየተቆረጠና እንደገና በጄፔግ እየተቀመጠ ሲዞር በየዙሩ ጥራቱን ያጣል።

ለባነር ጄፔግን መምረጥ ስንፍና አልነበረም። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ፍሌክስ ባነር በኢንች በ72 ፒክስል ሲሰላ 48 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ይሆናል። በህትመት ቀለም፣ በሲኤምዋይኬ፣ ሳይታመቅ በቲፍ ቢቀመጥ ወደ 190 ሜጋባይት ይደርሳል፤ በጥሩ ጥራት የተቀመጠ ጄፔግ የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ከተማ 190 ሜጋባይት መላክ ማለት ፍላሹን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መስጠት ማለት ነው። ባነር ከርቀት ስለሚነበብም ጉድለቱን ይሸፍናል። ቲሸርት ግን ሰው በክንድ ርቀት ያየዋል፤ ለባነር ያለፈው ፋይል ደረት ላይ ሲታተም ይጋለጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ቴሌግራም የፍላሽን ጉዞ አስቀረና ሌላ ወጥመድ አመጣ። ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ወደ ጄፔግ ለውጦ ረጅሙን ጎን ለረጅም ጊዜ በ1,280 ፒክስል ይገድበው ነበር። ቲሸርት በሚፈልገው በኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከኪስ አርማ ብዙም አይበልጥም። ግልጽ የነበረው ባክግራውንድም ይደፈናል። ያው ምስል «ፋይል» በሚለው ምርጫ ቢላክ ሳይነካ ይደርሳል። የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ደንበኛውን «በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከው» የሚለው ለዚህ ነው።

በውጭው ዓለም በዚያው ዘመን አንድ ቲሸርት ብቻ ማተም አትራፊ ሥራ ሆኖ ነበር። ካፌፕረስ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሬድባብል በ2006፣ ፕሪንትፉል በ2013 ተመሠረቱ፤ አማዞን በ2015 ተከተላቸው። በቀጥታ ጨርቅ ላይ ቀለም የሚረጩ ማሽኖች ፍሬምን አስቀርተዋልና አንዱም ሺውም በአንድ አሠራር ይታተማል። አማዞን ለመደበኛ ቲሸርት የሚጠይቀው በቁመት 5,400፣ በወርድ 4,500 ፒክስል የሆነ፣ ከ25 ሜጋባይት ያልበለጠ ፒኤንጂ ነው። ቬክተር አለመጠየቁ ባለሙያን ያስገርም ይሆናል፤ ፒኤንጂ ግን ፎንት አይፈልግም፣ ማሽኑም ፒክስሉን እንዳለ ያነባል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ግድቡ የመጀመሪያውን ውሃ ሲይዝ «ግድቡ የእኔ ነው» የሚለው ዘመቻ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንን ቲሸርት አስለብሷል። አገር ውስጥ ያለ ዲዛይነር ግን በእነዚህ ድርጅቶች እንዳይሸጥ የሚያግደው ከፋይሉ ይልቅ ገንዘቡን የመቀበሉ ጣጣ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲቲኤፍ የተባለው አሠራር ያንኑ ፒኤንጂ ወደ አገር ቤት አምጥቶታል። ምስሉ በልዩ ፊልም ላይ ከነነጭ ቀለሙ ይታተማል፣ የሚያጣብቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያም በሂት ፕሬስ ቲሸርቱ ላይ ይተኮሳል። ነጩ ቀለም የት እንደሚያርፍ ማሽኑ የሚያውቀው ከፒኤንጂው ግልጽ ክፍል ነው። ጄፔግ ከተላከ ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ይታተማል። ከፊል ግልጽ የሆነ ለስላሳ ጥላም አያዋጣም፤ ሥሩ ነጩ ቀለም ስለሚገባበት ዙሪያው ነጭ ፍንጣሪ ይሆናል። የድሮው ስክሪን ፕሪንት ያስለመደው የተቆረጠ ጠርዝ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ኩባያ ላይ በሰብሊሜሽን የሚታተም ሥራ ግን ሥሩ ነጭ ስለሆነ ጥሩ ጄፔግ ይበቃዋል።

አሶሳ ላይ ከአማርኛው ጎን አረብኛ የሚገባበት ሥራም አለ። የቆዩት የፎቶሾፕ መደበኛ እትሞች የአረብኛን ፊደል አያያይዙም፤ ከቀኝ ወደ ግራም አይጽፉም። የመካከለኛው ምሥራቅ እትም በሌለው ማሽን የተከፈተ ጽሑፍ ተበታትኖና ተገልብጦ ይወጣል። ለአማርኛው የተለመደው ከርቭ እዚህም ያገለግላል።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ምስሉን ከየቦታው የሚያወርዱ ዲዛይነሮች የሚገጥማቸው ፋይል ብዙውን ጊዜ ዌብፒ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ለድረ ገጽ ያወጣው ይህ ዓይነት ፎቶሾፕ ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም መከፈት የጀመረው በ2022 ነው፤ አሮጌ እትም የሚጠቀሙ ቤቶች አይከፍቱትም። ስሙን ብቻ ወደ ጄፔግ መቀየር አያስተካክለውም፤ በተገቢው ፕሮግራም ተከፍቶ እንደ ፒኤንጂ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ሆኖ የወረደ ምስል ግን በየትኛውም ፋይል ቢቀመጥ ፒክስል አይጨምርም፤ ቲሸርት የሚያህለው ዋናው ፋይል ፎቶውን ካነሣው ወይም ሥዕሉን ከሠራው ሰው መጠየቅ ይኖርበታል።