የብስክሌት እሽቅድምድምና መንገዱ፤ ከአስመራ ጎዳና እስከ ቦንጋ ኮረብታ

የስፖርት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአሸናፊዎች ስም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ከድል በፊት ያለውን ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከውድድር መነሻ መስመር ላይ ለመቆም ምን ያስፈልገዋል? የሚለውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የብስክሌት እሽቅድምድምን፥ ከዚያም ውስጥ በተለይ በከተማ ውስጥ እየተዞረ የሚካሄደውን ዓይነት ነው። የዚህ ስፖርት ስም በአገራችን ታሪክ ከአስመራ፥ ከአዲስ አበባና ከመቀሌ ጋራ ሲነሣ፥ ከቦንጋና ከከፋ ጋራ የማይነሣው ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ፥ እሽቅድምድም የሚከተለው መንገድን ነው፤ መንገዱ ግን በየትም ቦታ ቢሆን ለእሽቅድምድም ተብሎ አልተሠራም። ለጦር፥ ለንግድ ወይም ለአስተዳደር የተሠራውን መንገድ ሕዝቡ በኋላ ለራሱ ጉዳይ አዋለው። በዚህም ምክንያት የብስክሌት ታሪክ የጉልበት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፥ መንገዱ በማን እጅ ነበር የሚለውም ታሪክ ነው።

፩. ስለ ውድድሩ ዓይነት

ፈረንሳዮች ክሪተሪዩም የሚሉት ውድድር በከተማ ውስጥ በተዘጋ አጭር ዙር፥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ፥ ብዙ ጊዜ እየተዞረ የሚካሄድ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ረጅም አውራ ጎዳና መዝጋት አያስፈልግም፤ ተመልካቹም ከአንድ ስፍራ ቆሞ ተወዳዳሪዎቹን በየጥቂት ደቂቃው ያያል።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ይህ ውድድር ቋሚ ማርሽ ባለው ብስክሌት መካሄድ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሬድ ሁክ በሚባል ሰፈር የተጀመረውና በኋላ ወደ ሚላኖ፥ ወደ ባርሴሎናና ወደ ለንደን የተስፋፋው ውድድር እስከ 2018 ድረስ ቆይቶ ይህን ልማድ በዓለም አሰራጨ። ቋሚ ማርሽ ማለት የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋራ አንድ ላይ የታሠረ ማለት ነው፤ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ተወዳዳሪው እግሩን አሳርፎ ሊንሸራተት አይችልም። ፍሬንም የለውም፤ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በእግሩ ጉልበት ፔዳሉን እየተቃወመ ነው። በኩርባ ላይ ሲያጋድልም ፔዳሉ መዞሩን ስለማያቆም መሬት እንዳይነካበት መጠንቀቅ አለበት።

ይህ አዲስ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ አሮጌ ነገር ነው። ከጥንቶቹ ብስክሌቶች ብዙዎቹ እንደዚሁ ነበሩ። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥም ማርሽ መለዋወጥ የተወዳዳሪውን ጉልበት ያሰንፋል ብሎ ያምን ስለ ነበረ፥ የማርሽ መለዋወጫ በዚያ ውድድር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በዚያው ዓመት በአስመራ የመጀመሪያው የብስክሌት እሽቅድምድም ተደረገ።

፪. አስመራ፤ የሕግ አጥር

ኢጣሊያኖች በኤርትራ የዘረጉት መንገድ በመጀመሪያ ለጦር ዝግጅት የታሰበ ነበር። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1936 በኢትዮጵያ ላይ ለተደረገው ወረራ ከምጽዋ ወደብ ወደ ደጋው ጦርና ስንቅ ማውጣት አስፈላጊ ስለ ነበረ፥ መንገዱ ሰፋ፤ ተጠገነም። ከጦሩ ጋራ ብዙ ሠራተኞችና ነጋዴዎች መጡ፤ ከነዚህም ጋራ ብስክሌት መጣ። ዛሬም በቋንቋችን የምንሠራባቸው ጎማ፥ ካምቢዮና ፓራፋንጎ የሚባሉት ቃላት የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ነገር ግን ብስክሌቱ ለሁሉም በእኩል አልቀረበም። ተወላጆች ከኢጣሊያኖች ጋራ በአንድ መስመር ቆመው እንዲወዳደሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። ይህ የአንድ ማኅበር አመል ብቻ አልነበረም፤ የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1939 ያወጣቸው የዘር ሕጎች ነጭና ጥቁር በትዳርና በማኅበራዊ ኑሮ እንዳይቀላቀሉ የሚከለክሉ ነበሩ። የስፖርቱ ክልከላም የዚሁ አሳብ ቅርንጫፍ ነው።

እንግዲህ በ1939 ለይቶ ማወቂያ ተብሎ በኢጣሊያኖችና በኤርትራውያን መካከል ልዩ ውድድር ተደረገ። በዚህ ውድድር አሸናፊ ሆኖ የተገኘው ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ መሆኑን የስፖርቱ ታሪክ ያስታውሳል። የዚህን ድል ትርጉም ለመረዳት የሕጉን መሠረት ማስታወስ ይገባል። ሕጉ የተመሠረተው አንዱ ዘር ከሌላው በተፈጥሮ ይበልጣል በሚል አሳብ ላይ ነው፤ ይህ አሳብ ደግሞ በብስክሌት ላይ በቀላሉ የሚመረመር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ፥ በአንድ ርቀት፥ በአንድ ሰዓት ተነሥተው ማን እንደሚቀድም ሕዝብ በዓይኑ ያያል። በፍርድ ቤትና በቢሮ ሊከራከር ያልተፈቀደለት ሰው በመንገድ ላይ ተከራክሮ ረታ ለማለት ይቻላል። ሆኖም ድሉን ከመጠን በላይ ማግነን አይገባም፤ የዘሩ ሕግ የወደቀው በብስክሌት ሳይሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1941 የኢጣሊያ ጦር በመሸነፉ ነው።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተደረገ። ይህ ውድድር ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ቆይቶ፥ ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ በ2001 እንደገና ተጀመረ። በአስመራ መካከል ዛሬ ጎዳና ሓርነት በሚባለው ሰፊ መንገድ የሚደረገው የዙር እሽቅድምድም ለሕዝቡ የዕረፍት ቀን ደስታ ሆነ። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ቀድሞ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ፥ ዓለም እንደ ድንገተኛ ነገር ቢያየውም፥ ከበስተ ኋላው የሰማንያ ዓመት ልማድ ነበረ።

፫. ሜልቦርን፤ በአንድ መስመር መቆም

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ነው። የተላከው ቡድን በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ብዙ ሰው የኦሊምፒክ ታሪካችን በሮም በአበበ ቢቂላ እንደ ተጀመረ አድርጎ ስለሚናገር፥ ከዚያ በፊት አራት ዓመት ብስክሌተኞቻችን በኦሊምፒክ መስመር ላይ እንደ ነበሩ ይዘነጋል።

የመንገዱ ውድድር የተደረገው ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በብሮድሜዶስ ነው። መንገዱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 11 ጊዜ ተዞረ፤ ጠቅላላው ርቀት ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ዙሩ ከከተማው ዙር እጅግ የረዘመ ቢሆንም፥ አሠራሩ በአንድ መንገድ እየተመላለሱ መፎካከር በመሆኑ የዚያው ዘመድ ነው። ገረመው ደንቦባ 25ኛ፥ ፀሐዬ ባህታ 32ኛ፥ መስፍን ተስፋዬ 36ኛ ሆነው ጨረሱ። የቡድን ውጤት የሚቆጠረው የሦስቱን ደረጃ በመደመር ስለ ነበረ፥ በ93 ነጥብ ኢትዮጵያ ከዓለም 9ኛ ሆነች።

በዚህ ውድድር አንደኛ የወጣው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። አዲስ አበባ በኢጣሊያ ጦር ከተያዘች 20 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያንና ኢጣሊያውያን በአንድ መስመር ቆመው፥ በአንድ ደንብ ተወዳደሩ። ኢጣሊያዊው ማሸነፉ የነገሩን ክብደት አይቀንሰውም፤ ምክንያቱም በአስመራ የተከለከለው ማሸነፍ ሳይሆን መወዳደር ነበርና።

፬. ከፋ፤ የመንገድና የገንዘብ አጥር

አሁን ወደ ከፋ እንመለስ። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከፋ ጠቅላይ ግዛት ሲባል ዋና ከተማው ጅማ ነበር፤ እኛ የምንናገረው ግን ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስላለውና ዋና ከተማው ቦንጋ ስለ ሆነው ከፋ ዞን ነው።

ቦንጋ የጥንት የንግድ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ቡና፥ የዝባድ ሽቶና ሌላውም ሸቀጥ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ የጎጀብን ወንዝ እየተሻገረ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። የከፋ ነገሥታት ግን አገራቸውን በጥልቅ ጉድባና በተጠበቀ በር ያጥሩ ስለ ነበር፥ መንገድ ለእነርሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋም ነበረ። በ1890 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው አገሩ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለል አጥሩ ፈረሰ፤ ሆኖም የተጠረገ የመኪና መንገድ ወዲያው አልተተካም። ዝናሙ ብዙ፥ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፥ መሬቱ አፋፍና ሸለቆ በመሆኑ መንገድ ማውጣት ውድ ሥራ ነበር። በአስመራ ብስክሌተኞች በአስፋልት ላይ በሚፎካከሩበት ዘመን በከፋ መጓጓዣው በቅሎ ነበር።

ዛሬ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አስፋልት ይደርሳል። ስለዚህ የመንገዱ አጥር ተነሥቷል ይባል ይሆናል። ነገር ግን አውራ ጎዳናው የቡናና የመንገደኛ መኪና የሚመላለስበት ስለ ሆነ፥ ለረጅም ውድድር መዝጋቱ ይከብዳል። በኛ አስተያየት ለእንደዚህ ያለ ከተማ የሚስማማው የዙር ውድድር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የተስተካከለ መንገድ ለአንድ እሑድ ጧት ቢዘጋ ይበቃል።

በቋሚ ማርሽ ይሁን ከተባለ ግን ሒሳቡን ማየት ይገባል። ከፊት 48፥ ከኋላ 16 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን 6.3 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እግር በደቂቃ 106 ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ ይህ ለሠለጠነ ሰው የሚቻል ነው። በቁልቁለት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ግን 159 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ፍሬንም የለም። ስለዚህ ይህ ዓይነት ብስክሌት የሚሆነው ለሜዳማ ከተማ ነው፤ ለቦንጋ ኮረብታ ነጻ ማርሽና ሁለት ፍሬን ያለው ተራ ብስክሌት ይሻላል።

የሚቀረው የገንዘብ አጥር ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው፤ መለዋወጫውም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በመቀሌ ብስክሌትና አሠልጣኝ የሚያቀርቡ ክለቦች ነበሩ፤ ወጣቱም ከቤቱ ወጥቶ የሚከተለው ታላቅ ነበረው። ችሎታ በየአገሩ ይወለዳል፤ ክለብ ግን በሰው እጅ ይቋቋማል።

፭. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ ተወዳዳሪውን ከመነሻው መስመር የሚያስቀረው ነገር በየዘመኑ መልኩን ይለውጣል። በአስመራ ሕግ ነበር፤ በከፋ የመንገድ አለመኖር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የዕቃው ዋጋና የክለብ እጦት ነው። ሕጉ ግልጽ ክፋት ስለ ነበረ የሚቃወመው ሰው አላጣም። ዋጋና ርቀት ግን ማንም ያልደነገጋቸው ስለሚመስሉ እንደ ተፈጥሮ ነገር ይታያሉ፤ አደገኛነታቸውም ከዚሁ ላይ ነው። የቦንጋ ልጅ የማይወዳደረው ማንም ስለ ከለከለው አይደለም፤ ነገር ግን ያልተከለከለ ሁሉ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ይህን ልዩነት ለይቶ ማሳየት የኛ ሥራ ነው እንላለን፤ አንድ መንገድ ለአንድ ጧት መዝጋትና ጥቂት ብስክሌት ማቅረብ ግን የከተማው ሹማምንትና የትምህርት ቤቶች ፈንታ ይሆናል።