ሰማንያ አንድ ቀኝ እጆች

አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የታሪክ ድርሰቱን እንዳይለት ሰጠኝ። መምህሩ ስለ ኮንጎ ቅኝ አገዛዝ አራት ሰነዶች አድለው «ከእነዚህ ተነሥታችሁ ጻፉ» ብለዋቸዋል። ልጁ አራቱንም በየተራ አሳጥሮ ከጻፈ በኋላ «ስለዚህ ኢምፔሪያሊዝም መጥፎ ነው» ብሎ ዘግቷል። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከሰነዶቹ አንዱንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ሰነድ በ1885 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተፈረመው የበርሊን ስምምነት ነው። አንድም አፍሪካዊ ባልተቀመጠበት በዚያ ጉባኤ፣ 6ኛው አንቀጽ ለአገሬው ሕዝብ ደኅንነት መጠንቀቅንና ባርነትን ማጥፋትን ቃል ይገባል። ልጁ «ውሸት ነው» ብሎ አልፎታል። ውሸትም ቢሆን ማስረጃ ነው፦ ነገሥታቱ ምን ብለው መናገር እንደ ነበረባቸው ያሳየናል። ደግሞም በ1903 የእንግሊዝ ፓርላማ የንጉሥ ሊዮፖልድን አገዛዝ የከሰሰው ይህንኑ ስምምነት ጠቅሶ ነበር።

ሁለተኛው የዊልያም ሼፐርድ ምስክርነት ነው። ሼፐርድ ጥቁር አሜሪካዊ የፕሪስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ነበር። በ1899 በካሳይ አካባቢ፣ ለመንግሥት ግብር ሊያስገብሩ የወጡ ታጣቂዎች የሰፈሩበት ቦታ ገባ። እሳት ላይ በጭስ የሚደርቁ ቀኝ እጆች አየ፤ ቆጠራቸው፤ 81 ነበሩ። አለቃቸው ስንት ሰው እንደ ገደሉ ለመንግሥት ለማሳየት መሆኑን ነገረው። «ብዙ እጆች» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ማስተባበል በቀለለ ነበር። እርሱ ግን ቆጠረ።

እዚህ ላይ ልጁ «ሚስዮናውያን እውነቱን ተናገሩ» ብሎ ጽፏል። ለእኛ ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ መፈተሽ አለበት። ያው 6ኛ አንቀጽ ሚስዮናውያንንም ይጠብቃል፤ አዲስ ጣቢያ ለመክፈት የመንግሥቱ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ብዙዎቹም ለዓመታት ዝም አሉ። የሼፐርድ ቃል የሚመዝነው ሚስዮናዊ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ በመናገሩ የሚያጣው ነገር እያለው ስለ ተናገረ ነው። ኋላ ስለ አንድ የጎማ ኩባንያ በጻፈው ጽሑፍ ስም አጥፍተሃል ተብሎ ተከሷል፤ በ1909 ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበተው።

ሦስተኛው የእንግሊዝ ቆንስል የሮጀር ኬዝመንት ዘገባ ነው። በ1904 ሲታተም የሰዎቹና የቦታዎቹ ስም ወጥቶ በፊደላት ተተካ። ይህን ያደረገው የገዛ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ኬዝመንት ምን ጻፈ? ለንደን ምን አስቀረች?

አራተኛው በዚያው ዓመት ሚስዮናዊቷ አሊስ ሲሊ ሃሪስ ያነሣችው ፎቶግራፍ ነው። ንሳላ የተባለ አባት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአምስት ዓመት ልጁን የቦአሊን የተቆረጠ እጅና እግር ይመለከታል። ልጁ ስለዚህ ፎቶ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ አልፈረድኩበትም። ግን ከአራቱ ሰነዶች መካከል አንዱንም የኮንጎ ሰው እንዳልጻፈው አሳየሁት። ንሳላ የተናገረው የደረሰን በሌሎች ብዕር ነው። የጠፋም አለ፦ በ1908 አገሪቱ ለቤልጅግ ስትተላለፍ የሊዮፖልድ መንግሥት መዛግብት ብራስልስ ውስጥ ተቃጥለዋል።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ረቂቅ አመጣልኝ። «ኢምፔሪያሊዝም መጥፎ ነው» የሚለው ወጥቷል። ድርሰቱ አሁን የሚጀምረው ከኬዝመንት ዘገባ በተሰረዙት ስሞች ነው።