የካንሰር መድኃኒትና ሌሎች በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ መጥቶ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ሰው ሁለት ሐኪም ሊኖረው ይችላል። የካንሰሩ መድኃኒት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይታዘዝለታል። አገሩ ገብቶ ሳል ወይም ቁርጥማት ሲይዘው ደግሞ መሐል ሜዳ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል። በሽተኛው ካልተናገረ አንዱ ሐኪም የሌላውን ማዘዣ አያይም።

ታሞክሲፈንን እንመልከት። ለጡት ካንሰር በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ሲለውጠው ነው። ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ያዳክማል። እህታችን ሁለቱንም ሳታጓድል እየዋጠች ካንሰሩን የሚዋጋው ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ ሊያንስ ይችላል፤ እሷ ግን ምንም አይሰማትም። ለድብርቱ ሌላ አማራጭ ስላለ ሐኪሙ ካወቀ ይቀይርላታል።

ይህ ኢንዛይም በእኛ አገር የራሱ ታሪክ አለው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የኢንዛይሙን ዘረመል ተባዝቶ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለሕመም ማስታገሻ ኮዴይን ሲወስድ ሰውነቱ ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ከባድ ድብታና የትንፋሽ መድከም ሊገጥመው ይችላል። "አንዲት ኪኒን ጣለችኝ" የሚል በሽተኛ ሁልጊዜ አያጋንንም።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ከሁሉም የበለጠ ያሳስባል። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጠውን ኢማቲኒብ በደም ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ታሞክሲፈንንም ክፉኛ ያሳንሳል። የነቀርሳው ሕክምና ቢያንስ ወራት ስለሚፈጅ ካንሰሩ ያን ያህል ጊዜ በቂ መድኃኒት ሳያገኝ ሊቆይ ነው። ሆኖም አንዱንም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ ሁለቱ ሐኪሞች መነጋገር አለባቸው።

ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ኮትራይሞክሳዞል ቢጨመርበት መቅኔው ደም ማምረት ሊያቅተው ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሜቶትሬክሴት በኩላሊት እንዳይወጣ ያግዱታል። ዋርፋሪን ከኬፕሳይታቢን ጋር ከተወሰደ ደግሞ መድማት ያስከትላል።

ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያወደሱት በመሆኑ ብዙዎቻችን ቤት አይጠፋም። በጥቂት ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ግን በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ ከላይ ያነሳነውን ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይቷል። ስለዚህ ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሲኬድ የሚዋጠው ሁሉ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል ይያዝ። "የካንሰር መድኃኒት እወስዳለሁ" የሚለው ቃል አዲሱ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ይነገር።