ዕድል፣ ሚዛንና የኃይል ግሽበት፦ ከማጂክ የካርድ ጨዋታ ታሪክ



የካርድ ጨዋታ ለታሪክ ጥናት ይመጥናል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ እገምታለሁ። እኔ ጉዳዩን የማየው በገንዘብ ታሪክ ዐይን ነው። ዋጋ ያለው ወረቀት የሚያትም አካል የባለ ወረቀቶቹን እምነት እንዴት ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ በባንኮች ታሪክ እንዳለ ሁሉ በ«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ታሪክም አለ።

ጨዋታውን የፈጠረው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው፤ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረበው። ተጫዋቹ ይዘታቸው የማይታወቅ እሽጎች ይገዛል፤ ከውስጣቸው መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል፤ በውዞም ይጫወታል። ዕድል እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ እሽጉ ሲከፈትና ጥቅሉ ሲበወዝ። በገበጣ ግን ጠጠሮቹ ሁሉ ከሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ስለሆኑ ተሸናፊው የሚያማርርበት ዕድል የለም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ብርቱውን ካርድ ብርቅ ማድረግ ለሚዛን ይበቃል የሚል ነበር። «ብላክ ሎተስ» ያለ ምንም ክፍያ ሦስት ማና፣ ማለትም የሌሎች ካርዶች መክፈያ የሆነውን ኃይል፣ ይሰጣል። «አንሴስትራል ሪኮል» በአንድ ማና ሦስት ካርድ ያስስባል። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት እሽግ ብቻ ቢገዛ ኖሮ ስሌቱ በያዘ ነበር። ሰዎች ግን በብዛት ገዙ፤ እርስ በርስም ተለዋወጡ። የመጀመሪያው ደንብ አንድን ካርድ ደጋግሞ መያዝን አልከለከለም ነበርና ብርቅነቱ ሚዛን መሆኑ ቀርቶ ዋጋ ሆነ። የውድድር ደንብ በ1994 የአንድን ካርድ ቅጂ በአራት ወሰነ፤ አንዳንዶቹንም በአንድ።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው ከገዛ ትናንቱ ጋር ተፋጠጠ። አዲሶቹ ካርዶች ከ1993ዎቹ ቢያንሱ የሚገዛቸው ይጠፋል፤ ቢበልጡ ማቆሚያ የሌለው ግሽበት ይሆናል። በ1995 መባቻ የወጣው «ታይፕ 2» የተባለው የውድድር ዓይነት የቅርብ ጊዜ ካርዶችን ብቻ ፈቀደ። በእኔ ግምት በጨዋታው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ የለም፤ አሮጌውን ብር ከዝውውር እንደማውጣት ነው። በዚያው ዓመት የቆዩ ካርዶች «ክሮኒክልስ» በሚል ስም በብዛት ዳግም ሲታተሙ የሰብሳቢዎች ሀብት ረከሰ። ቅሬታው ስለበረታ ኩባንያው በ1996 ዳግም የማይታተሙ ካርዶችን ዝርዝር በቃል ኪዳን አወጣ። የዚህን ቃል ኪዳን ዕዳ ዛሬም የሚከፍለው መጫወት ብቻ የፈለገው ሰው ነው።

ደንብ ግን ስሕተትን አያስቀርም። በ2004 የወጣውን «ስከልክላምፕ» ተመልከቱ። በአንድ ማና የሚገዛ፣ በአንድ ማናም በፍጡር ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው። የማጥቃት ኃይልን በአንድ ይጨምራል፣ ጽናትን በአንድ ይቀንሳል፤ ፍጡሩ ሲሞት ባለቤቱ ሁለት ካርድ ይስባል። ቅነሳው ለዐይን ጉዳት ይመስላል። ነገር ግን ጽናቱ አንድ ብቻ የሆነ ርካሽ ፍጡር መሣሪያው እንደተገጠመበት ይሞታል፤ ስለዚህ ጉዳት የመሰለው ነገር በአንድ ማና ሁለት ካርድ መግዣ ሆነ። በወራት ውስጥ ከውድድር ታገደ።

ወደ ዕድል ልመለስ። ከ60 ካርዶች 24ቱ የማና ምንጭ የሆኑ «መሬቶች» ቢሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች አንድ መሬት ብቻ የሚይዙበት ወይም ጭራሽ የማይኖራቸው አጋጣሚ ከሰባት አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሳይጫወት ሊሸነፍ ይችላል። በመጀመሪያ መቀየር የሚፈቀደው ሁሉም መሬት ለሆነበት ወይም አንድም መሬት ላልደረሰው ብቻ ነበር፤ ከ1997 ወዲህ ማንም አንድ ካርድ ቀንሶ መቀየር ቻለ፤ በ2019 ደግሞ ሰባት ስቦ የማይፈልገውን ከሥር መመለስ ተፈቀደ። ዕድሉ በጠብታ ተቀነሰ እንጂ አልተወገደም፤ ደካማው አንዳንዴ ካላሸነፈ እሽግ መግዛቱን ይተዋልና። ቅነሳውም ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ተጫዋቹ እጁን የመምረጥ ዕድሉ በሰፋ ቁጥር ብርቱው ካርድ በጊዜው እጁ ይገባል፤ ካርድ ነዳፊዎችም ሚዛናቸውን እንደገና መለካት ግድ ይሆንባቸዋል።