ሦስት መቶ ጥርኝ፣ ሦስት መቶ ቤት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ እንፍራንዝ ሲቃረብ ኮረብታ ላይ የቆመ አሮጌ ግንብ ያያል። ጉዛራ ነው። አሠሪው አጼ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) እንደሆኑ በሰፊው ይነገራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ግንቡ ብዙ ተብሏል፤ ከግንቡ በታች ስለኖሩት ነጋዴዎች ግን እምብዛም አልተወራም።

በድሮው አማርኛ ንጉሥ የከተመበት ሰፈር ሁሉ ከተማ ነበር። ንጉሡ ሲከትም ወታደሩ፣ ቀጥቃጩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ካህኑና ጭነት ጫኙ አብሮ ይሰፍራል። የአካባቢው ገበሬ እህሉንና ከብቱን ያቀርባል፣ ደኑ ለማገዶ ይመነጠራል። ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳል፤ ገበያውም አብሮት ይነሳል።

ቤተ መንግሥቱን ወደ ጣና ዳርቻ የገፋው ግን የማገዶ እጦት ብቻ አልነበረም። የግራኝ አሕመድ ጦርነት (1529–1543) እና ተከትሎት የመጣው የኦሮሞ መስፋፋት የመንግሥቱን ማዕከል ከሸዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ አዛወሩት። አጼ ሚናስም፣ ልጃቸው ሠርጸ ድንግልም እንፍራንዝ ላይ ከተሙ። አጼ ሱስንዮስ ደንቀዝን መረጡ፤ አጼ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። እንደ ወጉ ቢሆን እንፍራንዝ ያኔውኑ ሜዳ ሆኖ መቅረት ነበረበት።

አልቀረም። አጼ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ከካይሮ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1700 አካባቢ ሲያየው የደመቀ የንግድ ቦታ ነበር። በ1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። በእንፍራንዝ ግን የሁለቱ ቤቶች ተቀላቅለው እንደነበሩ፣ ሙስሊሞቹም ሃይማኖታቸውን በይፋ እንደሚፈጽሙ ፖንሴ ጽፏል።

የንግዱ ዋና ነገር ዝባድ፣ ከጥርኝ የሚፋቀው ሽቶ፣ ነበር። እስከ 300 ጥርኝ የሚያረባ ነጋዴ እንደነበረ ፖንሴ ይነግረናል። ጥርኞቹ ጥሬ ሥጋና በወተት የተሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ይቀለባሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ዝባዱ ይፋቅና በበሬ ቀንድ ይታሸጋል። እስቲ አስቡት፤ 300 ጥርኝ ሥጋና ወተት የሚቀልብ ሰው ከስንት ከብት አርቢ ይገዛል? ስንት ሠራተኛስ ያስተዳድራል? ንጉሡ ሄደው ከተማው የቆመው፣ በእኔ ግምት፣ በእነዚህ ነጋዴዎች ትከሻ ነው።

ያው ገበያ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ፖንሴ እንፍራንዝ በባሪያ ንግድም የታወቀ እንደነበር መዝግቧል። በሰንሰለት ተጎትተው የመጡትም ከአገራቸው በግድ የተነቀሉ ነበሩ፤ የከተማው ሀብት ሲነገር የእነሱ መከራ ሊዘለል አይገባም።

ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መጣ። በገደላማው ኮረብታ ወገብ ላይ ወደ ምዕራብ የዞሩ 300 ያህል ቤቶች አየ። ቀድሞ የአንድ ነጋዴ ጥርኞች ቁጥር የነበረው አሁን የመላው ከተማ ቤቶች ቁጥር ሆነ። ጊዜው የትግራዩ ገዥ የራስ ሚካኤል ስሑል ጦርነቶች ጊዜ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ከእንፍራንዝ ብዙ በማይርቀው ሰርባ ኩሳ ታላላቅ ውጊያዎች ተደርገዋል። ነጋዴ ደግሞ ጦር ሲመጣ ቀድሞ ጓዙን የሚጭን ሰው ነው።

ያኔ ሰው ወደ እንፍራንዝ ይመጣ ነበር፤ የዛሬው ፍልሰት አቅጣጫው ግን ከእንፍራንዝ ወደ ቆላ ነው። የአካባቢው ወጣት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ በመኸር ማብቂያ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። በ2005 በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ የተቀሰቀሰው የካላዛር በሽታ ወረርሽኝ መነሻውም ከእነዚሁ ቆላዎች የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የሰሊጡን ገቢ የሚያሰላ ሰው ይህንንም ጉዳት ከሂሳቡ ሊቀንስ ይገባዋል።

ጉዛራን ለማየት የምትወጡ ሁሉ፣ ግንቡን ካያችሁ በኋላ ፊታችሁን ወደ ታች መልሱ። አስጎብኚያችሁንም ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ጥርኞቹና ስለ ተሸጡት ሰዎች ጠይቁት።