1000 ብሎ የሚጀምር ቁጥር

ሸዋ ሮቢት ላይ ቀይ ሽንኩርት የሚነግድ አጎት ነበረኝ። አይሱዙው ወደ ማታ ይጫናል፤ ሌሊቱን ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማበርን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል፤ ሊነጋጋ ሲል አዲስ አበባ፣ አትክልት ተራ ይደርሳል። ሽንኩርቱ እስከ ረፋድ ተሸጦ ያልቅ ነበር። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩ እንዴት አገር ይግባ?

አጎቴ የባንክ ደብተር ነበረው። ችግሩ ደብተሩ የሸዋ ሮቢት መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ሂሳብ ማለት የተከፈተበት ቅርንጫፍ ሂሳብ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ የባንኩ ስም አንድ ቢሆንም አጎቴን አያውቀውም። ቀሪ ሂሳቡም፣ የፊርማው ናሙናም 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሮቢት ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ሐዋላ ነበረ፤ ግን ወረፋውና «መልእክቱ ገና አልደረሰም» የሚለው መልስ ነጋዴን ያሰለቻል። ስለዚህ ብሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ይታጠቅና አውቶቡስ ይሳፈራል። «ዓይኔን ሳልከድን የምመጣው የመንገዱ ውበት ገርሞኝ መሰላችሁ?» ይለን ነበር።

ዛሬ ልጁ ያንኑ ንግድ ይሠራል። ሽንኩርቱ ከመኪና ወርዶ ሳያልቅ ስልኩ ጢን ትላለች፤ ብሩ ገብቷል። ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ነገር የለም።

በአባትና በልጅ መካከል የሆነው ነገር ምንድን ነው? መንገዱ ያው ነው፤ ሽንኩርቱም ያው ነው። የተለወጠው ባንኮቻችን የገንዘባችንን መዝገብ የሚይዙበት ሶፍትዌር ነው። ይህ ለውጥ ሐውልት አልቆመለትም፣ በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍም አልገባም። ግን የይፋት ቆላ ሰው ከገንዘቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ከዚህ በላይ የቀየረ ነገር በእኔ ዕድሜ አላየሁም።

ከሩቅ የመጣ ገንዘብ

ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። ይፋት የጥንት የንግድ አገር ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋት ሱልጣኔትን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አስተዳድሯል፤ ኖራና አስበሪን የመሳሰሉ የፈረሱ ከተሞች ዛሬም በተረተሩ ላይ አሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ ስለ ይፋት ገበያ ሲያወራ፣ ሰዉ የሚገበያየው ከግብፅ በሚመጣ ዲናርና ዲርሃም እንደሆነ ይነግረናል። አስቡት፤ ከዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እንኳ የይፋት ሰው የሚይዘው ገንዘብ የሚሠራው ሌላ አገር ነበር።

ከዘመናት በኋላ ጠገራ ብር መጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ በማንኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ቀን የሚቀረጽበት ብር ነው። ነጋዴው ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል፤ ከጎደለ ወይም ከተፋቀ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በመልካቸው የመጀመሪያውን ብር ሲያስመቱም የተመታው ፓሪስ ነው። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው ባንክ፣ ባንክ ኦፍ አቢሲኒያ፣ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ክንፍ ነበር። እንደገና ግብፅ!

ይህን የማነሳው ለቁጭት አይደለም። ገንዘባችን ሁልጊዜ ከሩቅ ሲመጣ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን እጃችን ላይ ነበር ለማለት ነው። ነጠብጣቡን የሚቆጥረው ጣት የይፋት ነጋዴ ጣት ነበር።

የቅርንጫፍ ዘመን

የመንግሥት ባንክ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተወለዱ። ደርግ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ላይ ባንኮችን ሁሉ ወረሰ። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ፖለቲካ ሲገለባበጥ አንድ ነገር አልተነካም፤ መዝገቡ በየቅርንጫፉ መቀመጡ።

የዚያ ዘመን ማረጋገጫ ሰው ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የአጎቴን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ሱቁን ሳይቀር ያውቃል። ካርዱን ከሳጥን ያወጣል፣ ፊርማውን ያመሳክራል፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ ማህተም ያሳርፋል። ቀርፋፋ ነው፤ ሲያስኮርፍም ያስኮርፋል። ግን ስህተት ቢኖር ሰዉ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣም መጀመሪያ የገባው እንደ ፈጣን መዝገብ ነበር። ቅርንጫፉ የራሱን ሂሳብ በራሱ ማሽን ይይዛል፤ ጎረቤት ከተማ ያለው ወንድም ቅርንጫፍ ያንን አያይም። ማሽኑ ተቀየረ እንጂ አሠራሩ የወረቀቱ ነበር።

ልብ ንቅለ ተከላ

ኮር ባንኪንግ የሚባለው የባንክ ልብ ነው። ማን ስንት አለው፣ ማን ስንት ተበደረ፣ ወለዱ ስንት ሆነ የሚለውን ሁሉ የሚይዘው ሶፍትዌር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ቲ24 የተባለውን ሶፍትዌር መትከል ጀመረ። ሠሪው ቴሜኖስ በ1993 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ የተመሠረተ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው። አቢሲኒያ ባንክም ቲ24ን ወሰደ፤ ዳሸንና አዋሽ ደግሞ የኦራክልን ፍሌክስኪዩብ።

ሶፍትዌር መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማዛወሩ ነው። የድሮው መዝገብ ተዘግቶ አዲሱ ሲከፈት፣ የሁሉም ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ ድምር እስከ ሳንቲሙ ድረስ እኩል መምጣት አለበት። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሂሳብ፣ የሞተ ሰው ሂሳብ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው፣ ሁሉም ያኔ ይወጣል። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ባንክ በሚዘጋበት ሰዓት፣ ሌሊትና በዓል ላይ ነው። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ደንበኛው ምንም እንዳልሆነ ነገር ደብተሩን ይዞ ይመጣል።

ለደንበኛው የታየው አዲስ ቁጥር ነው። 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አሃዝ። ዛሬ ይህን ቁጥር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የሰርግ ጥሪ ላይ አለ፣ የሕክምና እርዳታ ማሰባሰቢያ ላይ አለ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማሠሪያ ባነር ላይ አለ። ቁጥሩን አይታችሁ ሰውየው ሮቢት ይኑር ጎሬ መለየት አትችሉም። አጎቴን ከወገብ ጨርቁ የገላገለው ይህ ነው። ሂሳቡ የቅርንጫፉ መሆኑ ቀረና የእሱ ሆነ። ማሾ አምራቹም ምርቱን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ ክፍያው ባንክ ሂሳብ ውስጥ የሚገባው በዚሁ ማዕከላዊ መዝገብ አማካይነት ነው።

ግን አንድ ነገር በዝውውሩ መንገድ ላይ ተንገዳገደ፤ ስማችን። ደብተሩ ላይ በግዕዝ ፊደል የነበረው ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ነበረበት። ይፋት ውስጥ መሐመድ ስንት ነው? እሱን በላቲን በአራት በአምስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ፀሐይ አለች፣ ጽጌ አለች፣ ወልደ ምናምን አለ፤ አንድ ቃል ይሁን ሁለት? እኔ ራሴ አንድ ባንክ ውስጥ በመታወቂያዬ ላይ ያለውና ሲስተሙ ላይ ያለው የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተለያይቶ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ሠራተኛዋ አብሮ አደጌ ናት፤ እኔ መሆኔን ታውቃለች። «እኔማ አውቅሃለሁ፤ ሲስተሙ ነው የማያውቅህ» አለችኝ። አሁን ፋይዳ መታወቂያ ስምን በሁለቱም ፊደል ይዞ መምጣቱ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ይረዳ ይሆናል።

እሳት ያልደረሰበት መዝገብ

የዚህን ለውጥ ትርጉም በደንብ ያየነው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ራሷ ገባ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ በግ እንኳ ሳይነዳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ።

ከወጡት ውስጥ ዘመዶቼ ነበሩ። አክስቴ ደብተሯን ትራስ ስር ትታ ነው የሄደችው። ከተማው በድሮው አሠራር ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ያለው በተተወው ቅርንጫፍ ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፉ ከተቃጠለ የአክስቴ ቁጠባ የሠራተኞች ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ግን ደብረ ብርሃን ላይ መታወቂያዋን አሳይታ ብሯን አወጣች። «ቤቴ ቀርቶ ብሬ ቀድሞኝ ደረሰ» አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። የኮር ባንኪንግ ጥቅም ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ እኔ የማውቀው መልስ ይህ ነው።

«ሲስተም የለም»

ያው መዝገብ ግን ሌላም ገጽ አለው። ልቡ ሩቅ ከሆነ ደም ሥሩ ረጅም ነው። ቅርንጫፉ ክፍት ሆኖ፣ ካዝናው ውስጥ ብር ኖሮ፣ ሠራተኛው ተቀምጦ፣ መስመሩ ከተቋረጠ ማንም ማንንም አይከፍልም። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን የተወለደ ነው። በድሮው ዘመን ሠራተኛው «የለም» ሲል ብሩ የለም ማለት ነበር፤ አሁን ብሩ አለ፣ ሰውየውም አለ፣ የሌለው መሃላቸው ያለው ነገር ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ይህ ሀሳብ ኑሮ ሆነ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው *889# ኔትወርክ ባለበት ሁሉ የብዙ ሰው መተንፈሻ ነበር፤ ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን ነጋዴው ወደ አጎቴ ወገብ ተመለሰ።

ሌላው ነገር ስህተት ነው። የአንድ ቅርንጫፍ መዝገብ ሲሳሳት የአንድ ከተማ ችግር ነው። መዝገቡ አንድ ሲሆን ስህተቱም የአገር ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ የንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ አወቁ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በቴሌግራም ተዛመተ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ላይ በተደረገ ሥራ የተፈጠረ ችግር ነው አለ። እስኪቆም ድረስ ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ በዚያ መንገድ ወጣ የተባለው ብርም ባንኩ በኋላ እንደገለጸው 801 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱት ፎቶ ተለጠፈ። በእኛ ሰፈር ነገሩ እንደ ቀልድ ተወራ። እኔን ግን የገረመኝ ጥቂት ሰዓት መብቃቱ ነው።

ጣታችን የት ሄደ?

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። ጠገራ ብር ከቪየና ሲመጣ የይፋት ነጋዴ ነጠብጣቡን ቆጥሮ ያረጋግጥ ነበር። ደብተር ሲመጣ ማህተሙንና የሠራተኛውን ፊት ያይ ነበር። ዛሬስ በምን ያረጋግጣል? በጽሑፍ መልእክት። ለዓመታት የደረሰን መልእክት ደግሞ «ዲር» ብሎ የሚጀምር እንግሊዝኛ ነው፤ የሮቢት ሽንኩርት ሻጭ የሚያነበው ቁጥሩን ብቻ ነው። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው የሐሰት መልእክትና የተቀነባበረ ስክሪንሾት ገበያ ላይ የሚዞረው።

ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ይመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። አክስቴን አይቻለሁ። የምለው ባንኮች ቀጣዩን ሲስተም ሲመርጡ (መቀየሩ አይቀርም) ስለ ፍጥነት ብቻ አይጠይቁ ነው። መስመር ሲቋረጥ ቅርንጫፉ ለሚያውቀው ደንበኛ በልክ መክፈል የሚችልበት አሠራር ይኑር። መልእክቱ በሚነበብ ቋንቋ ይምጣ። ስማችን በፊደላችን ይመዝገብ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ነጠብጣቡን የሚቆጥር ጣት ነው።

ባለፈው የአጎቴን ልጅ ገበያ ላይ አገኘሁት። ስልኩ ጢን አለች፤ መልእክቱን ከፈተ፣ አላመነም፣ *889# ደውሎ ቀሪ ሂሳቡን አየ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ በእስክሪብቶ ጻፈው፤ ስም፣ ኩንታል፣ ብር። ይህ ሁሉ ሲስተም እያለ ደብተሩ ለምን እንዳስፈለገው ጠየቅኩት።

«ይሄኛው» አለኝ ደብተሩን ወደ ኪሱ እየመለሰ፣ «ሁልጊዜ ይሠራል።»