ቡችላና ቡሄ

ስለ ቡሄ የተጻፈውን ብናገላብጥ ሙልሙሉን፣ ችቦውን፣ ጅራፉንና ሆያ ሆዬውን እናገኛለን። ውሻውን ግን የሚያነሳው የለም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ልጅነቱን ቢያስታውስ፣ በቡሄ ዋዜማ ከዘፈኑ እኩል በጆሮው የሚመጣበት የውሻ ጩኸት ነው። ዱላ የያዙ ልጆች በር ያንኳኳሉ፤ ውሻው ያብዳል፤ ባለቤቱ «ተው! ዝም በል!» ይላል፤ ጭፈራው የሚደምቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመነሻው ግን ልጅና ውሻ በአንድ በር ወዲያና ወዲህ የቆሙ ባላጋራዎች አልነበሩም። ቡሄ የእረኛ በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን ቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦርን፣ ክርስቶስ በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ቀን ታከብራለች። አበው እንደሚተርኩት በዚያች ሌሊት ብርሃኑን ያዩ እረኞች የመሸ ስላልመሰላቸው በመስክ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ሙልሙሉና ችቦው ከዚህ መጣ ይባላል። የጅራፉን ጩኸት አንዳንዶች በተራራው ላይ ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ የክረምቱን መገባደድ ማብሰሪያ ያደርጉታል። እረኛ ባለበት ደግሞ ውሻ አለ። ከብቱን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቅ፣ ከልጁ ቆሎና ቂጣ የሚካፈል፣ ጅራፍ ሲጮህ የማይበረግግ ውሻ። የገጠር ውሻ የልጁ ወገን ነው።

ነገሩን የገለበጠችው አዲስ አበባ ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማይቱ በየመኳንንቱ ዙሪያ የተተከለ ሰፈር ነበረች፤ ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሠራዊት ማረፊያን ያስታውሰናል። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ለዚህ ነው። ትልቅ ግቢ አጥር ይፈልጋል፣ አጥር በር ይፈልጋል፣ በር ደግሞ ዘበኛና ውሻ። እረኛው ልጅ የከተማ ልጅ ሆኖ ዱላውን እንደያዘ ከበሩ ውጭ ቀረ፤ የጥንት ባልንጀራው ከበሩ ውስጥ ሆኖ ይጮህበት ጀመር። የከተማችን የሆያ ሆዬ ታሪክ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የበር ታሪክ ነው።

በሩን አልፎ እልፍኝ የገባ ውሻም አልጠፋም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ የቺዋዋ ዘር ውሻ ሉሉ በንጉሠ ነገሥቱ ጭን ላይ ሆና ፎቶግራፍ ተነሥታለች። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ሉሉ በሹማምንቱ ጫማ ላይ ስትሸና የሚጠርግ አገልጋይ ነበር ብሎ ጽፏል። የቤተ መንግሥቱን ወግ የሚያውቁ ሰዎች መጽሐፉን አጥብቀው ተከራክረውበታል፤ እኔም አላምነውም። ይሁን እንጂ በዓለም ዘንድ ስለ ቤተ መንግሥታችን ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ ይህ የውሻ ነገር ይበልጥ መሠራጨቱ ያሳዝነኛል።

በተራው ሰው ቤት ግን ውሻ ከደጃፍ አያልፍም። በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ዘንድሮ በሐምሌ መጨረሻ የሰባት ዓመት ልጄ ከጎረቤት አንድ ቡናማ ቡችላ አቅፋ እስክትመጣ ድረስ። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ «ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም» አለች። ልጄ ጥቂት አሰበችና «እማማ፣ መልአክ ውሻ ይፈራል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ መልስ ከመስጠት ነጠላዋን ማስተካከል መረጠች።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ያለ ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። መቼም ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ልጄም እንደ እኩዮቿ ልትጾም ተሰናድታለች። ቡችላው ግን ገና ከእናቱ ጡት መለየቱ ስለሆነ የሚለምነው ወተት ነው። በጾመኛ ቤት ወተት ይፈላል? እኔ እንስሳ ጾም የለበትም ብዬ ብከራከር፣ እናቴ የነነዌ ሰዎች ከነእንስሶቻቸው መጾማቸውን አስታወሰችኝ። በመጽሐፍ በኩል አልቻልኳትም። ለሁለት ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ ቀረበለት፤ አሸተተና ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ማድ ቤት ስገባ እናቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ወተት ታፈላለች።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቡችላው ጥርስ እያወጣ ስለነበር የልጄን ጣት ያኝካል። የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ ከልጆች ጋር የተቆራኘ ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ሐምሌ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር ለተባለው፣ ውሻ ለነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰጠ፤ ልጁም ዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። የፓስተር ስም ወደ እኛም መጥቷል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በስሙ የተጠራው ተቋም ጉለሌ ተከፈተ፤ ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ቢቀይርም ሰፈሩ «ፓስተር» እንደተባለ ቀረ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ፓስተር ወሰዱት» ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። የመርፌው ፍርሃት ከውሻው ፍርሃት ይብስ ነበር። ቡችላችን ሦስት ወር እስኪሞላውና እስኪከተብ ድረስ ጣት ማኘክ ተከለከለ። ክልከላው በልጄ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አልሠራም።

የቡሄ ዋዜማ ሲደርስ ገና መጮህ እንኳ አልተማረም ነበር። ጅራፉ ሲጮህ አልጋ ሥር ገባ፤ ልጄም ተከትላው ገባች፤ ጨፋሪዎቹ ደጃፋችን ላይ ዱላቸውን ሲደበድቡ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ብሩን ያወጣችላቸው እናቴ ናት። ሙልሙል ጋግራ ነበር፤ ልጆቹ ግን ብር ነው የፈለጉት።

እኛ ያለንበት ግቢ የአንድ ሰው ግቢ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ እንደ ብዙዎቹ ግቢዎች፣ ለቀበሌ ተከራዮች ተከፋፈለ። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ በር፣ አንድ ውሻ። ውሻው የማንም አልነበረም፤ ሁሉም ትርፍራፊ ይጥልለታል። እንዲህ ያሉ ግቢዎች ዛሬ እየፈረሱ ናቸው። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ የእያንዳንዱ ቤት በር ደረጃ ላይ ነው። እኅቴ ዘንድ እንዳየሁት ሆያ ሆዬ ጨፋሪዎቹ ፎቅ በፎቅ ይወጣሉ፤ ዘፈኑ በሲሚንቶው መካከል ያስተጋባል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል።

እኛም ከመስቀል በኋላ ወደ አራተኛ ፎቅ ልንገባ ነው። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ስለ ውሻ የሚነጋገረው በጥቅምት ነው ተብሏል። ልጄ ስብሰባው ላይ እንድናገርላት አዝዛኛለች፤ የምለውንም እያስጠናችኝ ነው።